የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የማን ሥራ ነው?

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ይላሉ አበው። በእሾህ ማጠር የለመደ እጅ ቅርንጫፉን ሳይወጋ ይይዘዋል፤ ያልለመደው ግን ራሱንም ያቆስላል፣ አጥሩንም ያበላሻል። ብሂሉ ባለሙያን ማክበርን ያስተምራልና መልካም ነው። ይሁን እንጂ መልካም ብሂልም ቢሆን ከቦታው ውጭ ሲነገር የስንፍና መሸሸጊያ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከስንፍና የባሰ ነገር ይሸፍናል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በየቤታችን የሚገኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። የቤቱ ሰው ራሱ ፈትቶ ያድሰው ወይስ ባለሙያ ይጠብቅለት? ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቤት ወጪ ከሚመዘገብበት ደብተር ባላለፈ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ። ልሠራው የምችለውን ሥራ «የእኔ አይደለም» ብዬ የምተወው ለባለሙያው ካለኝ አክብሮት የተነሣ ነውን? ወይስ ለእጅ ሥራ ካለኝ ንቀት? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ሰውየው ቁጭ ብሏል፣ ቧንቧውም ያንጠባጥባል።

አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንመልከት፤ አሠራሩን ያላወቁትን ነገር በሕሊና ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነውና። በብዙ ቤቶች ያለው፣ እጀታው ደጋግሞ እየዞረ የሚከፈተውና የሚዘጋው የቆየው ዓይነት ቧንቧ ነው። እጀታው ሲዞር በውስጡ ያለው የናስ ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ሠራተኞች «ጎሚኒ» የሚሏት፣ ከካፖርት ቁልፍ የማትበልጥ ክብ የላስቲክ ቁራጭ አለች። ውሃው በሚመጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ ተጭና የምትደፍነው እርሷ ናት። ከጊዜ ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፤ የቀዳዳውም ጠርዝ እንደ ቀለበት ያለ ምልክት ያትምባታል። ውሃው ሾልኮ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

የማደሱም ሥራ ረቂቅ አይደለም። ወደ ቤቱ የሚገባው ውሃ በመዝጊያው ይዘጋል፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ቧንቧው ይከፈታል። የመታጠቢያው ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈናል፤ ብሎን አምልጦ የሚገባው ዘወትር እዚያ ነውና። እጀታው በካቻቢቴ ይፈታል፤ ከሥሩ ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎን ደግሞ በመፍቻ ይላላል። በዚህ ጊዜ የቧንቧው አካል በሌላው እጅ ጠበቅ ተደርጎ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር አብሮ ይጠመዘዛል። ዘንጉ ከወጣ በኋላ አሮጌዋ ጎሚኒ ተነቅላ ለናሙና ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ትወሰዳለች፤ መጠኗ ከቧንቧው ጋር መግጠም አለበትና። አዲሷ ትተካለች፤ የተፈታውም በተፈታበት ተራ ተገላቢጦሽ ይገጠማል። ለለመደ ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ላለመደው አንድ ከሰዓት በኋላ ሊወስድ ይችላል።

ብዙዎቻችን ይህን አናደርግም። የምናደርገው እጀታውን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ ማዞር ነው። ጠብታው ለጥቂት ቀናት ይቆማል፤ እኛም የዳነ ይመስለናል። በውስጡ ግን የደከመችው ጎሚኒ ይበልጥ ትጨፈለቃለች፤ ባጠበቅን ቁጥር ቶሎ ታልቃለች። እርሷ ካለቀች በኋላ የሚፋተገው ናስ ከናስ ጋር ነው፤ በጠባብ ስንጥቅ የሚሾልከውም ውሃ የቀዳዳውን ጠርዝ ይቦረቡረዋል። ያን ጊዜ ጎሚኒ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ መቀመጫው መስተካከል ወይም ቧንቧው በሙሉ መለወጥ ይኖርበታል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ወቅት እየሳቀ «አባ፣ እናንተ ስታጠብቁ ለእኛ እንጀራ ትጋግራላችሁ» ብሎኛል። በዚህ መካከል ደግሞ በቤቱ ያሉት አረጋዊት እናትና ሕፃናቱ በአባወራው ክንድ የተዘጋውን ቧንቧ መክፈት ያቅታቸዋል።

ጠብታው ምን ያህል ነው? እንደ ቧንቧው ስለሚለያይ እያንዳንዱ በቤቱ ቢለካው ይሻላል። ዕቃ ከሥሩ አስቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተጠራቀመውን ማየት ነው። በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢሞላ በቀን 12 ሊትር ይሆናል፤ በ30 ቀን 360 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 18 ጀሪካን ነው። በዓመት 219 ጀሪካን ይደርሳል። «ስፊር» በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ርዳታ መመዘኛ ለተፈናቀለ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ይጠይቃል። እንግዲህ ጠብታ ያልነው አንድ ሰው በመጠለያ ውስጥ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ከሚመደብለት ብዙም አያንስም።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። እንዲህ በዝግታ የሚሄድ ውሃ የቤት ቆጣሪን ብዙውን ጊዜ አያንቀሳቅሰውም። ቆጣሪው የሚቆጥረው በውስጡ ያለውን ተሽከርካሪ ለማዞር የሚበቃ ፍሰት ሲያገኝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይቆጠር ያልፋል። ስለዚህ ሰውየው ሲያባክን የኖረውን ውሃ ላይከፍልበት ይችላል። አባወራው የወሩን ሂሳብ አይቶ «አልጨመረም» ይላል፤ በዚያው ልቡ ያርፋል። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጠራውም እዚሁ ላይ ነው። ማንም የማይጠይቀኝ፣ በደረሰኝ ላይ የማይወጣ፣ ጎረቤት የማያየው ብክነት ዕዳ ነው ወይስ አይደለም?

«ዕዳ ነው» የሚለውን መልስ ሰባክያን ብዙ ጊዜ በቀላል መንገድ እናስረዳዋለን። በከተማው ዳር በፈረቃ የምትመጣውን ውሃ ሌሊት ተነሥታ የምትጠብቀውን እናት፣ ወይም በቦኖ ፊት የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች እንጠቅስና «የእናንተ ጠብታ የእርሷ ነበር» እንላለን። ይህ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን እንደ ተነገረው እውነት አይደለም። ውሃ ወደ አንድ ሰፈር የሚደርሰው በግፊት፣ በቦታው ከፍታና በፈረቃው ድልድል ነው፤ እኔ ዛሬ የዘጋሁት ጠብታ በእገሊት ጀሪካን ውስጥ ነገ አይገኝም። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ልብ ብትሉ መልካም ነው፤ በሒሳብ የማይቆም ምክንያት ላይ የተመሠረተ ግዴታ፣ ተማሪው ሒሳቡን ባወቀ ዕለት ይፈርሳል።

ግዴታው የሚቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ጌታችን አምስት ሺህ ያህል ሰዎችን ከመገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ፍርፋሪውን እንዲሰበስቡ አዘዘ። እንጀራው ተትረፍርፎ ነበር፤ ፍርፋሪውን የሚጠብቅ ሌላ ረኀብተኛ በዚያ እንደ ነበረም ወንጌሉ አይነግረንም። ቢሆንም እንዲጠፋ አልተፈቀደም። ፍርፋሪው የተሰበሰበው ለእገሌ ስለሚደርስ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰጠ ነገር ስለ ሆነ ነው። ውሃም እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 የንጹሕ ውሃ አቅርቦት ሰብአዊ መብት መሆኑን በውሳኔ አጽድቋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አስረድተው፣ በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ጥቃቅን ተግባራት መካከል ውሃን መቆጠብን ጠርተዋል። ጥቃቅኑ ተግባር የዓለምን ውሃ ስለሚያድን አይደለም፤ ሰውየው ከተቀበለው ነገር ጋር ያለውን ግንኙነት ስለሚያስተካክል ነው እንጂ።

«ጠብታውን በባልዲ እናጠራቅመዋለን፤ ልብስ እናጥብበታለን፤ ታዲያ ምን ጠፋ?» የሚል አለ። ተገቢ መልስ ነው፤ ውሃው በእውነት አልጠፋም። ነገር ግን ባልዲውን ማን ያነሣዋል? በብዙ ቤት «ባልዲውን ከሥሩ አድርጊው» የሚለው አንድ ሰው ነው፤ ሌሊት ሳይሞላ የምትነሣው፣ ጠዋት የምትደፋው፣ ወለሉ ሲረጥብ የምትወቀሰው ደግሞ ሌላ ናት። አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የሩብ ሰዓት ሥራ ሳይሠራ ስለ ቀረ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ ተፈጠረ፤ ያም ሥራ «አይሆንም» ለማለት አቅም በሌላት ትከሻ ላይ ወደቀ። ያልተጠገነ ነገር ሁሉ ሸክም አለው። ሸክሙ ከቤቱ አይወጣም፤ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። የባከነውን ውሃ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ሲቆጥሩት ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። የቤቱ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ራሱ ቢጠግን የቧንቧ ሠራተኛው ምን ይብላ? ጥያቄው ቅን ነው፤ በተለይ ሥራ ፍለጋ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ መንገድ ዳር የሚቀመጠውን ወጣት ለሚያውቅ ሰው። አቅም ያለው ሰው ለዚያ ወጣት ሥራ ለመስጠት ብሎ ቢጠራው ምጽዋት ከመስጠት የበለጠ መልካም አድርጓል፤ ይህን የሚያደርግን ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ወር ሙሉ ያንጠባጠበው ቧንቧ ለሠራተኛው እንጀራ ሲባል አልተተወም። ሠራተኛውም አልተጠራም። «የባለሙያ ሥራ ነው» የሚለው ቃል ባለሙያውን ሳይጠቅም ባለቤቱን ከመነሣት አዳነው፤ ይኸው ነው።

ቃሉ የሚሸፍነውን የከፋ ነገርም እንግለጠው። በሀገራችን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በሙያቸው ስም ተሰድበዋል፤ ጎረቤት ምርታቸውን እየገዛ ልጁን ለልጃቸው አልዳረም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸው ራሱ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይመሰክራል። ዐዋጁ ስድቡን ነቅፏል፤ ዝንባሌው ግን መልኩን ለውጦ ኖሯል። ዛሬ የተማረው ሰው ሠራተኛውን አይሰድብም፤ «ባለሙያ» ብሎ ይጠራዋል፣ እጁን ግን በቅባት ማስነካት አይፈልግም። ቧንቧ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1890ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ ባመጣ ጊዜ ነው፤ የመሣሪያዎቹም ስም፣ ካቻቢቴውም ጎሚኒዋም፣ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ምናልባትም ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያው የሌላ ሰው ዕውቀት መስሎ ታየን። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ 18ኛ ምዕራፍ ይነግረናል፤ ሰባኪነቱ ከመርፌው አላራቀውም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመነጨው ከሚሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው ከመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል።

አንድ ጊዜ እንኳ ቧንቧ ለመፍታት የሞከረ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። የዛገ ብሎን እንቢ ሲለው፣ መፍቻው ሲያዳልጠው፣ የተገዛችው ጎሚኒ በመጠን ስታንስ፣ ሠራተኛው በአምስት ደቂቃ የሚያደርገው ነገር ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት ይገባዋል። «ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል ብር?» ብሎ የሚከራከረው ሰው እጁን አንሥቶ የማያውቀው ነው። ስለዚህ ራስን መሞከር የሠራተኛውን እንጀራ ይነጥቃል የሚለው ስጋት ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የሠራተኛውን እንጀራ የሚያሳንሰው ሥራውን ከቶ የማያውቀው ደንበኛ ነው፤ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ እስኪነጋ ማሳደርን የሚከለክለውም የኦሪት ሕግ የሚናገረው ለእንደዚህ ያለው ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ራሱ ይፍታ ማለት ነውን? አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ሁለት የአእምሮ በጎ ልማዶችን ይለያል። አንዱ ሙያ ነው፤ የሚሠራውን ነገር በትክክል የማሰብ ችሎታ ነው። ሌላው አስተዋይነት ነው፤ ሊደረግ የሚገባውን ድርጊት በትክክል የማሰብ ችሎታ ነው። ጎሚኒ እንዴት እንደምትለወጥ የሚያውቀው ሙያ ነው፤ መቼ መፍቻውን አስቀምጦ ሰው መጥራት እንደሚገባ የሚያውቀው አስተዋይነት ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚያፈስስ መስመር፣ ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ የውሃ ማሞቂያ፣ ከቆጣሪው በፊት ያለው የውሃ አገልግሎቱ መስመር ለቤት ሰው እጅ አይደሉም። መዝጊያው የማይዘጋ ከሆነ ቧንቧውን መፍታት ቤት ማጥለቅለቅ ነው። በእነዚህ ጊዜያት «ሥራን ለሠሪው» የሚለው ብሂል በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። እዚህ ላይ «ምን አቅቶኝ!» የሚል ሰው ከሰነፉ የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ነገሩን ሳያዩ ወስነዋል። እኔ እንደማየው በወንዶቻችን ዘንድ ይህ ሁለተኛው ሕመም ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

አስቸጋሪው ጉዳይ ግን የጋራ ቧንቧ ነው። በአንድ ግቢ አራት ተከራዮች አሉ፤ ቧንቧው በግቢው መካከል ነው፤ ሂሳቡ ለአራት ይካፈላል። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ጎሚኒ የሚገዛው ሰው ዋጋውን ብቻውን ይከፍላል፣ ጉልበቱን ብቻውን ያወጣል፤ ጥቅሙ ግን ለአራት ይከፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ አራቱም አብረው አከራዩን ይጠብቃሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቤት ኪራይ ረገድ ጥገናን በአከራይና በተከራይ መካከል ይከፍላል። ሕጉ ወጪው የማን እንደ ሆነ ለመለየት ይጠቅማል፤ አስቀድሞ ከመቀመጫው የሚነሣው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ ነገር ግን እዚህ ያለው አንድ ሎሚ ለአራት ሰው ነው፤ አራቱም እርስ በርስ ይተያዩበታል።

ፍትሕ ብቻውን ከዚህ አያወጣንም የሚል እምነት አለኝ። በፍትሕ ሚዛን ከአራቱ ማንም ከሌላው ይልቅ ግዴታ የለበትም፤ እያንዳንዱም «ለምን እኔ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም። የሚነሣው ሰው የሚነሣው ተራው ስለ ደረሰ ሳይሆን አሠራሩን ስለሚያውቅ ነው። ችሎታ ራሱ ተራ ያደርጋል። ከአራቱ አንዱ ጎሚኒ መለወጥ የሚችል ከሆነ፣ ለእርሱ ጠብታው ለሌሎቹ ከሚሰማው ይልቅ ጎልቶ ቢሰማው አይገርምም። የጎሚኒዋን ዋጋ ከሦስቱ ቢጠይቅ ደግሞ አያስነውረውም፤ ጉልበቱን ሰጥቷልና ብሩን መካፈሉ ጉርብትናን አይቀንስም። ዝም ብሎ ከፍሎ በሆዱ ከሚቆጥር ይልቅ በግልጽ የሚጠይቅ ይሻላል። በየቁምስናው ግቢ ምእመናን እጃቸውን የሚታጠቡበት ቧንቧም ከዚህ የተለየ አይደለም። እኛ ካህናት በውሃ ስለሚሰጠው ምሥጢረ ጥምቀት ብዙ እናስተምራለን፤ የአዳራሹ ቧንቧ ግን ለኮሚቴ ስብሰባ ቀጠሮ ይያዝለታል። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በሥርዓቱ 31ኛ ምዕራፍ የገዳሙ መጋቢ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋያተ ቅድሳት እንዲመለከት አዟል፤ መፍቻና ባልዲ ከዚህ አልተለዩም።

በመጨረሻ ስለ አዲሶቹ ቧንቧዎች አንድ ነገር ልጨምር። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቤቶች የሚገጠሙት እጀታቸው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር ናቸው፤ ጎሚኒ የላቸውም፣ በውስጣቸው እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ዝርግ ክቦች አሉ። ሲያንጠባጥቡ የሚለወጠው የውስጡ ክፍል በሙሉ ነው፤ ይህም ቢሆን ለቤት ሰው የሚከብድ አይደለም፣ ክፍሉ በሱቅ ከተገኘ። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ግን ከቶ የማይፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በተበላሹ ጊዜ ይጣላሉ። ለእንደነዚህ ያሉት፣ ከላይ የጠየቅነው ጥያቄ የሚነሣው ቧንቧው ማንጠባጠብ በጀመረ ዕለት ሳይሆን በሚገዛበት ዕለት፣ በሱቁ ባንኮኒ ፊት ነው። ሻጩን «ወንድሜ፣ የውስጡ ክፍል ለብቻው ይሸጣል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ «አይሸጥም» ካለም ሌላውን እንዲያሳይ።